ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው?
ስለ ቬፕ፣ ስለ ሺሻና ስለ ኤች አይ ቪ ከተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

(ይህ ጽሑፍ በአዳማ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው።)



ዛሬ የመጣሁት ምክር ላዘንብባችሁ አይደለም። ምክርማ በየቤታችሁ ሞልቷል። ክበባችሁ በጥያቄ ሳጥን የሰበሰባቸውን ወረቀቶች ሰጥቶኝ አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። ስለ ኤች አይ ቪ ጠይቁ ተብላችሁ ሳለ ከግማሽ የሚበልጠው ወረቀት የሚጠይቀው ስለ ሺሻና ስለ ቬፕ ነው። "ከርዕስ ወጥተዋል" የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን አልወጣችሁም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን በተራ ልመልስ።

1. "ቬፕ ትምባሆ የለውም፤ እንፋሎት ብቻ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚጎዳው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሻጩም የሚለው ይህንኑ ነው፤ "ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው።"

ቬፕ ወይም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የምንለው ዕቃ አራት ነገሮች አሉት፦ ባትሪ፣ የሚግል ሽቦ፣ ፈሳሹን መጥጦ የሚይዝ ጥጥና ፈሳሹ ራሱ። ዛሬ የምናየውን ዓይነት የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2003 ነበር። ሽቦው ሲግል ጥጡ ላይ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ወደ ሳንባ ይገባል። ፈሳሹ ግን ውኃ አይደለም። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉ ኬሚካሎች፣ የእንጆሪ ወይም የከረሜላ ጣዕም የሚሰጡ ማጣፈጫዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ኒኮቲን አለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሲጋራ አጫሽን ከሲጋራ ጋር አስሮ የሚያስቀረው ኒኮቲን ነው። ቅጠሉ ቀረ እንጂ ሀራራው አልቀረም ማለት ነው። የሰው አእምሮ ደግሞ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ድረስ ገና እያደገ ነው። ኒኮቲን በእናንተ ዕድሜ ሲገባ ትኩረትንና ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይጎዳል፤ ሱሱም ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ ይይዛል።

እውነቱን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ሲጋራ ያጨሱ አዋቂዎች ሲጋራውን ለመተው በቬፕ እንዲተኩት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ የሚነድ ትምባሆ የባሰ ስለሚጎዳ። ይህ ግን እሳት ውስጥ ላለ ሰው የተሰጠ መውጫ ነው። እሳቱ ውስጥ ላልገባ ተማሪ መግቢያ ሊሆነው አይገባም።

2. "ራሳችን ሽቦ ጠምጥመን፣ ፈሳሹን እያንጠባጠብን የምንጠቀምበት ዓይነት አለ። የትኛው ይሻላል?"

ይህን የጻፈው ተማሪ እጁ ሥራ የሚወድ መሆን አለበት። "ሪቢውልደብል አቶማይዘር" የሚለውን ስም ሳይቀር አሳምሮ ጽፎታል። ስለዚህ እኔም በሥራ ቋንቋ ልመልስለት።

ይህ ዓይነቱ ዕቃ ተገጣጥሞ ያለቀ አይደለም። ትንሽ የብረት መደብ አለው። መደቡ ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጋር የሚገናኙ አጫጭር ምሰሶዎች ቆመዋል። ተጠቃሚው ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ ምሰሶዎቹ ላይ በብሎን ያስራል፤ በጥምጥሙ መሐል ጥጥ ያስገባል፤ ከዚያ ፈሳሹን ጥጡ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ ቁልፉን ይጫናል። የሚወደድበት ምክንያት የሚወጣው ጉም ወፍራም ስለሆነ ነው። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮኔቲከት ግዛት በ8 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጥንተው በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከሞከሩት ተማሪዎች ከ4ቱ 1ዱ ይህን ማንጠባጠብ ሞክሯል። ለምን ሲባሉ አብዛኞቹ የመለሱት "ጉሙ እንዲወፍርልን" ብለው ነው።

የትኛው ይሻላል ለሚለው ሦስት ነገር እንይ።

አንደኛ ኤሌክትሪኩ። የፊዚክስ መምህራችሁ ያስተማሯችሁን የኦም ሕግ አስታውሱ፤ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። ቻርጁ የሞላ አንድ ሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። ሽቦው 1 ኦም ቢሆን 4.2 አምፒር ያልፋል። ጉም ይብዛ ተብሎ 0.1 ኦም ሲደረግ ግን 42 አምፒር ይሆናል። የተለመደ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው 2 አምፒር አካባቢ መሆኑን እያሰባችሁ አስሉት። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ይህን ሊሸከም አይችልም። ሽቦው ትንሽ ሸርተት ብሎ ብረቱን ከነካ ደግሞ ሾርት ነው፤ ባትሪው ይነዳል፣ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ዕቃው ያለው አፍ ላይ ነው። በአሜሪካ በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በ2019 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራቸው ፈንድቶባቸው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ሁለተኛ ሙቀቱ። በማንጠባጠብ ጊዜ ጥጡ ላይ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ሽቦው ከመጠን በላይ ይግላል። ያኔ ፈሳሹ መትነኑ ቀርቶ መቃጠል ይጀምርና ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ከሚፈጠሩት አንዱ ፎርማልዲሃይድ ነው። በባዮሎጂ ላቦራቶሪ የሞተ እንስሳ እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፈሳሽ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ካንሰር አምጪ መሆኑም የታወቀ ነው።

ሦስተኛ ፈሳሹ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማን መዘነው? በአሜሪካ ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ በቬፕ ምክንያት በድንገተኛ የሳንባ ጉዳት 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ የሞቱት 68 ናቸው። ሲመረመር ዋናው ምክንያት በሐሺሽ ንጥረ ነገር ፈሳሽ ውስጥ ለማወፈሪያ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ የገዙት ከጓደኛ ወይም ከመንደር ሻጭ ነበር። ጠርሙሱ ቤት ውስጥ ሲቀመጥም አደጋ ነው። በ2014 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን የኒኮቲን ፈሳሽ ጠጥቶ ሞቷል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህን አስቡ።

በእኛ አገር ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ከልክሏል። ትምባሆንም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። በሻንጣ ተደብቆ የገባን ዕቃ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የለም። ችግር ቢመጣም ሻጩን የት ታገኘዋለህ?

እንግዲህ "የትኛው ይሻላል" ላልከኝ ወንድሜ መልሴ አንድ ነው፤ ከመካከላቸው ለአንተ የሚሆን የለም። ሽቦ የመጠምጠምና ኦም የመለካት ፍላጎትህን ግን እንዳታጠፋው። በዚህ ከተማ የተቃጠለ ሞተር ጠምጥመው ጥሩ እንጀራ የሚበሉ ባለሙያዎች አሉ። እጅህን ወደዚያ አዙረው።

3. "ሺሻ በውኃ ተጣርቶ ስለሚመጣ ከሲጋራ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?"

አይደለም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። እንዲያውም ስለቀዘቀዘና ስለጣፈጠ ጉሮሮ አይቧጭርም፤ ስለዚህ ሰው በረጅሙና በጥልቀት ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሺሻ ሲያጨስ የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ከላይ የሚነደው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ከሰል ይዞ በተዘጋ ቤት የተኛን ሰው የሚገድለው ጋዝ ማለት ነው። ሺሻ ቤት ደግሞ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል። የሚያዞራችሁና ራስ ምታት የሚይዛችሁ "ስለመታኝ" ብቻ አይደለም፤ ደማችሁ ኦክስጅን ስላጣ ነው።

4. "በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ቬፕ ብንጠቀም ኤች አይ ቪ ይተላለፋል?"

አይተላለፍም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ለማስፈራራት ተብሎ ውሸት ከተነገራችሁ ነገ እውነቱንም አታምኑም። ኤች አይ ቪ በምራቅ፣ በጭስ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ቫይረሱ በደማቸው ካለ ጓደኞቻችን ጋር አብሮ መብላትም፣ መጨባበጥም፣ መተቃቀፍም ምንም የለበትም። የሚጎዳው አድልዎና መገለሉ ነው።

ቱቦ እየተቀባበሉ ማጨስ ግን ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። ጉንፋን አለ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ኸርፐስ አለ። መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመቻል፤ አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው በነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በዴንማርክ የተደረገና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሕክምናቸውን የሚከታተሉ አንድ የ35 ዓመት አጫሽ በኤች አይ ቪ ምክንያት ከዕድሜያቸው 5 ዓመት ገደማ ሲቀነስባቸው በማጨስ ምክንያት የሚቀነስባቸው 12 ዓመት ገደማ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያሸንፍ ሲጋራው ከኋላ ይወጋል ማለት ነው።

5. "ታዲያ ይሄ ሁሉ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?"

ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ጭሱ ኤች አይ ቪ አያስይዝም። የሚያጋልጠው ጭሱ የሚጨስበት ክፍል ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰዓት ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ነው።

ከተማችን የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና በዚሁ ያልፋል፤ ከአወዳይ የተጫነው ጫትም እንደዚሁ። የጫት ኃይል የሆነው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚጠፋ ነው የጫት መኪና እንደዚያ የሚበረው። ሞጆ ላይ ደግሞ መንገዱ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ይታጠፋል። በወንጂና በመተሐራ የስኳር ፋብሪካ፣ በባቱ የአበባ እርሻ አለ። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ከቤተሰብ ርቀው፣ ቤት ተከራይተው የሚሠሩና የሚማሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከመካከላችሁም ከገጠር ቀበሌ መጥታችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ክፍል የተከራያችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያደረ እንግዳ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብና ብቸኛ ወጣት በአንድ ቦታ ሲገናኙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መንገዱ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። "ና ኤች አይ ቪ ያዝ" ብሎ የሚጋብዝ የለም። ፈተና ያለቀ ቀን "እስቲ እንዝናና" ይባላል። መጀመሪያ ቬፕ ይወጣል፤ ይጣፍጣል፣ ልብስ ላይ አይሸትም፣ እናት አታውቅም። "ይኼማ ምንም አይደል" ይባላል። ቀጥሎ ሺሻ ይመጣል፤ ሺሻው ባለበት በርጫ አለ። ምርቃናው ሲያይል መተኛት የለም፤ እሱን ለመስበር ጨብሲ ይባላል፣ መጠጥ ይመጣል። ሌሊት ይሆናል፤ ባጃጅ የለም። ሒሳቡን የከፈለ ሰው ግን አለ።

እኛ አገር ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። የጋበዘን ሰው "እምቢ" ማለት ይከብደናል። ጋባዡም ይህን ያውቃል። የተከፈለው የሺሻ ሳይሆን የ"እምቢታ" ዋጋ ነው። ኮንዶም ይኑር አይኑር የሚጠየቅበት ሰዓት ላይ ሲደረስ የሚጠይቅ ጤነኛ አእምሮ የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ከ20,000 በላይ ወጣቶች መረጃ ተሰብስቦ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በየቀኑ ጫት የሚቅሙት ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት የመፈጸም ዕድላቸው ከማይቅሙት ከ2 እጥፍ በላይ፣ በየቀኑ አልኮል የሚጠጡት ደግሞ 3 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከጫት ሌላ አደንዛዥ ነገር የሚጠቀሙት ደግሞ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ጥናቱ የሚቅም ሁሉ ይያዛል አይልም። መንገዶቹ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ግን ያሳያል።

በሥራዬ ያጋጠመኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሟንም፣ ከተማዋንም አልናገርም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ ሄዳ፣ በማታስታውሰው ሰዓት፣ ፈቃዷን ባልሰጠችበት ሁኔታ ጉዳት ደረሰባት። ለማንም አልተናገረችም። "አንቺ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" እባላለሁ ብላ ፈራች። ወደ እኔ የመጣችው በ5ኛው ቀን ነው። በ5ኛው ቀን! ቫይረሱ እንዳይያዝ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በ3 ቀን ውስጥ ማለት ነው። እሷ ይህን አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው አማራጭ መመርመር፣ መጠበቅና ከ3 ወር በኋላ እንደገና መመርመር ነው። እነዚያን 3 ወራት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አይቻለሁ። ውጤቷ የራሷ ምስጢር ነው፤ አልነግራችሁም። እናንተ ግን 72 ሰዓት የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ጉዳት የደረሰባችሁ ዕለት፣ ሳትታጠቡ፣ ልብሳችሁን ሳትጥሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ማንም ሺሻ ቤት ሄደ ተብሎ ሕክምና አይከለከልም።

ወንዶች ደግሞ ይህን ስሙ። የሰከረች ወይም የመረቀነች ልጅ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ወንጀል ነው። አጠገብህ ጓደኛህ ይህን ሊያደርግ ሲል ዝም ካልክ ጓደኛው ሳትሆን ተባባሪው ነህ። ወንድ ልጅም ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ 72 ሰዓቱ ለእሱም ይሠራል።

6. "ጓደኛዬ ገብቶበታል፤ ምን ላድርግ?"

ይህን የጻፈ ተማሪ ልቡ መልካም ነው። መጀመሪያ አትስደበው፤ "ሱሰኛ" አትበለው። የተሰደበ ሰው የሚሄደው ወደማይሰድቡት ሰዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው። ብቻውን አግኝተህ አነጋግረው። ለማቆም ከወሰነ ቀን ይቁረጥ፤ ዕቃውን ከቤት ያውጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ይበሳጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርት አይገባውም። ይህ የኒኮቲን ሀራራ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሀራራው ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ ከታገሠው ያልፋል፤ ውኃ ይጠጣ፣ ይንቀሳቀስ፣ ኳስ ሜዳ ይውጣ። የቀድሞውን ሰዓት በሌላ ነገር መሙላት ያስፈልጋል። አርብ ከሰዓት ባዶ ከሆነ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ቀን ቢወድቅም "በቃ አልቻልክም" አይባልም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ከአንድ ሙከራ በላይ አድርጎ ነው። ከአቅምህ በላይ ከሆነ ለምታምነው መምህር ወይም ለጤና ባለሙያ ንገር።

ውድ ተማሪዎች፤

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ፣ "እንፋሎት ነው" ሲሏችሁ "ኒኮቲን አለው ወይ? ፈሳሹን ማን መረመረው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ወደ ማንኛውም ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት "ማን ይከፍላል? በምን እመለሳለሁ?" በሉ፤ የመመለሻ ገንዘብ በኪሳችሁ ከሌለ አትሂዱ። እምቢ ማለትም ነውር አይደለም። "አልፈልግም" ከበቂ በላይ ነው፤ ምክንያት አይጨመርበትም። ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ከደረሰ አትደበቁ፤ 72 ሰዓት አላችሁ።

መታቀብን የመረጣችሁ በምርጫችሁ ጽኑ። ግንኙነት የጀመራችሁ ኮንዶም ያለማቋረጥ ተጠቀሙ፤ ተመርመሩ፤ ራሳችሁን እወቁ። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ ሙሉ ዕድሜ ይኖራል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰና በዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ተስፋ አለ ማለት ነው። ተስፋው ግን የሚሠራው እውነቱን በጊዜው ላወቀ ሰው ነው።

ጥያቄ የቀረው ካለ ሳጥኑ እዚያው በር ላይ አለ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።